ሚኒሞ

ስትሄድማ ደህና ነች፣ ማን ይደርስባታል፤
ስትቆም ነው ጉዱ፣ ወባ ይነሳባታል።
ለገሃር መብራት ላይ ቀዩ ሲበራብኝ፣
መስታወቱ ሲርድ፣ መሪው ሲያንቀጠቅጠኝ፣
አንዷ ተሳፋሪ ቦርሳዋን አቅፋ፣
«እዚሁ ልውረድ» አለች፣ በሩ ላይ ተለጥፋ።
አንድ እግር ለሁለት ሥራ፤ ተረከዝ ቤንዚን ላይ፣ ጣት ፍሬን ላይ፣
እንዲህ ስጨፍርላት ሦስት ወር አለፈኝ፣ ማንም ሳያይ።

አንዱ ካንዴላ ነው አለ፤ አራቱንም ቀየርኩ።
አንዱ ካርቡራተር አለ፤ ፈታን፣ ቤንዚን አስነከርኩ።
ሦስተኛው ሞተሩን ሳይሰማ፣ እኔን አይቶ ብቻ፣
«ቴስታታው ይውረድ» አለ፣ «ሌላ የለውም መፍቻ።»
የእቁቤን ብር አሰብኩ፣ የልጄን ዩኒፎርም፤
ኮፋኖውን ዘጋሁና ወጣሁ፣ ዝም።

ነስሩ ጋ ሂድ ያለኝ ጎሚስታ ነው፣
ተክለ ሃይማኖት ጋ የኋላ ጎማዬን ሲነፋ፤
«አይቸኩልም፣ አያወራም፤
ብቻ እሱ ጆሮ ገብቶ ነገር አይጠፋ።»

ሶማሌ ተራ፣ ወደ ውስጥ፤
የተፈታ መኪና አጥንት በተከመረበት፣
በር ያለ ቤቱ ቆሞ፣ መሪ እንደ ቋንጣ ተሰቅሎ፣
ከየት እንደመጣ የማይጠየቅ ፍሬቻ በተደረደረበት፣
ነስሩ የቱታውን እጅጌ ወገቡ ላይ አስሮ
መጣ። ኮፋኖውን አልነካም።
ጠየቀኝ እንጂ፣ ጎረቤት ይመስል፣ ስለ ኑሮ።

«መቼ ነው የሚብስባት?»
«መብራት ላይ።»
«ስትቆም ነው? ወይስ ስታቆማት?»

ልዩነቱ አልገባኝም። ገባና ተቀመጠ፣
ፍሬኑን ረገጠ፤
ትንፋሿ ቁርጥ አለ።
ለቀቃት፤ ተንገዳገደች፣ ተንተባተበች፣ ዳነች።
ደግሞ ረገጠ። ደግሞ ለቀቀ።
ከአግዳሚው ስር የአትክልት ውሃ ማጠጫ ጎማ
ክንድ የማይሞላ ቁራጭ አነሳ፤
አንዱን ጫፍ ጆሮው ላይ፣
ሌላውን በሞተሩ ጓዳ ጎድጓዳ ውስጥ አዞረ።
ሐኪም ይመስላል ልል ነበር።
የለም፤ ጤፍ ጎተራ ውስጥ አይጥ የሰማች ድመት ነው የሚመስለው።

ግራይንደር ብረት ይበላል፤
አይሱዙ ሲሚንቶ ያራግፋል፤
«ዞር በል! ዞር በል!» ይላል ተሸካሚ፤
ከአንዋር በኩል አዛን ይሰማል።
ነስሩ እጁን አነሳ።
እኛ ዝም አልን፣ መርካቶ ዝም አላለም።

«ይኸውና። ትተነፍሳለች፣ በማይተነፈስበት።»
ጎማውን ጆሮዬ ላይ ደቀነው፤
ስ… ስ… ስ…
ምስጢር ሊነግርህ ጀምሮ
መሃል ላይ ሐሳቡን የቀየረ ሰው።

ወደ ፍሬን ሰርቮ የሚሄድ ጥቁር ላስቲክ፣
አንገቱ ላይ ስንጥቅ፣ ጥፍር የማታስገባ!
ሦስት ወር ያስጨፈረኝ፣
ያቺን ሴት መንገድ ላይ ያስወረደ፣
ካንዴላ ያስገዛኝ፣ ቴስታታ ሊያወርድ የነበረ።
ነስሩ አልገረመውም።
የተሰነጠቀውን በቢላዋ ቀነጠሰው፣
የቀረውን ስቦ አደረሰው፣ በፋሸታ አሰረው፤
ከዚያ በፊተኞቹ የተጣመመውን ሚኒሞ
በካቻቢቴ ሩብ ዙር፣ ደግሞ ከሩብ ያነሰ፣
አሰረ፣ ፈታ፣ አሰረ፣
ጨው እንደሚቀምስ ሰው።
ግማሽ የጠጣውን ሻይ በቴስታታው ክዳን ላይ አስቀመጠው።
ሻዩ ፊቱ አልተጨማደደም።

«ስንት ልክፈል?»
«ላስቲኩ የራስህ ነው። የጆሮዬን ስጠኝ።»

አመሻሽ ለገሃር፣ ቀዩ በራ፣ ቆምኩ፤
የለመደ እግሬን ከቤንዚን አራቅኩ።
መሪው ዝም፣ ወንበር ዝም፣ መስታወቱም ዝም፤
ከሞተሩ በኩል አንድም ኮሽታ የለም።
ጠፋች ብዬ ሰግቼ ቁልፉን ብመልሰው፣
ሞተሪኖው ጮኸ፣ ሰፈሩን አመሰው።
ትራፊኳ ሳቀች ፊሽካዋን አውርዳ፤
«አልጠፋችም እኮ!» አለች እጇን ሰዳ።
ክላክሱ ከኋላ፣ አረንጓዴው በርቶ፣
እግሬ ይጠብቃል፣ ያን ወባዋን ሽቶ።